ምስል አለ፣ ብርሃን የለም፦ ሁለቴ የጨለመ የላፕቶፕ ስክሪን

ላፕቶፑ ሱቄ የደረሰው በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ነው። መገናኛ አካባቢ በዚያ ወር ከሰዓት በኋላ ዝናብ የማይመታው ሰው የለም። ያመጡት እናት ራሳቸው ረጥበው እሱን ደረቅ አድርገው ገቡ። የሂሳብ ባለሙያ ናቸው፤ የበርካታ ነጋዴዎችን መዝገብ ይይዛሉ፣ ወሩ ደግሞ የግብር ወር ነው። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው ገና ሳይቀመጡ፣

«ልጄ፣ ሞቷል ብቻ አትበለኝ» አሉኝ።

«ኧረ ይቀመጡ እትዬ፣ መጀመሪያ ልየው።»

ማሽኑ 14 ኢንች ነው፤ ለቢሮ ሥራ የተሠራ፣ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ። የሠሪውን ስም አልጠራም፤ በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። «ሁለት ባትሪ አለው ተብዬ ነው የገዛሁት፤ እውነትም መብራት ሲሄድ ግማሽ ቀን ይሠራልኛል» አሉ በኩራት። ይህችን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ። እኔ አልያዝኳትም፣ ዋጋዋንም ከፍያለሁ።

ማብሪያውን ስጫነው ትንሿ መብራት በራች፣ ፋኑ ነፈሰ፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ካፕስ ሎክን ነካ ሳደርገው መብራቱ ይበራል፣ ደግሜ ስነካው ይጠፋል። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ማሽኑ ነፍስ እንዳለው ይናገራል። ማዘርቦርዱ ቢሞት ኖሮ ያቺ መብራት አትታዘዝም ነበር።

«መቼ ጀመረው?»

«ሳምንት ሆኖታል። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ ከዚያ ከታች በኩል እየጨለመ መጣ። ትናንት ማታ ጭራሽ እልም አለ።»

«ወድቋል?»

«አልወደቀም።»

«ፈሳሽ ነክቶታል?»

«ምን ነካህ! ቡና እንኳ አጠገቡ አላስቀምጥም። በየአርቡ በመስታወት ማጽጃ ፊስ ፊስ አድርጌ እወለውለዋለሁ፤ ንጽሕናውን አታየውም?»

በእርግጥ ንጹሕ ነበር። መቀበያ ወረቀቱ ላይ «አልወደቀም፣ ፈሳሽ አልነካውም» ብዬ ጻፍኩ። ሴትየዋ ፈሳሽ በየሳምንቱ እንደሚነፉበት እየነገሩኝ እኔ የምጽፈው ሌላ ነው። ጆሮ ሥራ ሲበዛበት እንደዚህ ነው።

በስልክ መብራት

የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ የስልኬን ላይት አበራሁና ስክሪኑ ላይ በጎን፣ ከጣት ርዝመት ባልበለጠ ርቀት ያዝኩት። ቀጥ አድርጎ መያዝ አይጠቅምም፤ የራሱ ነጸብራቅ ዓይን ይወጋል። ወደ ጎን ሲጋደም ግን ውሃ ሥር እንዳለ ጽሑፍ የደበዘዘ ነገር ይታያል። የሰዓቱ ቁጥር ታየ። ላይቱን ዝቅ ሳደርገው የሕፃን ፊት ብቅ አለ፤ ሁለት የፊት ጥርስና አንድ የክር ኮፍያ።

«የልጅ ልጄ ናት!» ብለው እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ።

ምርመራው በዚያች ቅጽበት ግማሹ አለቀ። ኤልሲዲ ስክሪን በራሱ አያበራም። ምስል የሚሠራው የፊተኛው መስታወት እንደ ባለቀለም መጋረጃ ነው፤ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ብርሃን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ብርሃኑ የሚመጣው ከጀርባ ነው። በዛሬ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ በስክሪኑ የታችኛው ጠርዝ ላይ ነጫጭ ኤልኢዲዎች በአንድ ቀጭን ክር ተሰልፈዋል። ብርሃናቸውን አንድ ግልጽ ፕላስቲክ ተቀብሎ በመላው ስክሪን ያዳርሰዋል፣ ከላዩ የተደረደሩት ነጫጭ ሉሆች ደግሞ ያለሰልሱታል። የጥገና ሰው ባክላይት የሚለው ይህንን ሁሉ ነው። ሕፃኗ በስልክ መብራት ከታየች መጋረጃው ደህና ነው፣ ምስሉን የሚያመጡት የኬብሉ ሽቦዎችም ደህና ናቸው፣ ግራፊክሱም ደህና ነው። የጎደለው ብርሃን ብቻ ነው።

ይህን ሙከራ ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችላል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ያም ሆኖ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ የተወረወረ ስንት ላፕቶፕ አይቻለሁ።

ካቻቪቴ ከማንሣቴ በፊት የሱቄን አሮጌ ሞኒተር በቪጂኤ ሰካሁለት፤ ሕፃኗ በሙሉ ብርሃኗ ወጣች። እትዬ ራሳቸው ተቀምጠው የፒችትሪውን፣ የሂሳብ መያዣ ፕሮግራማቸውን፣ ባክአፕ ፍላሽ ላይ ገለበጡ፣ ከዚያ ሌላ ፍላሽ አውጥተው ደገሙት። ሂሳብ ሠራተኛ ናቸውና ምንም አላልኩም። ከፈለጉ ሞኒተሩን ተውሰው ቤታቸው እንዲሠሩ ብላቸውም «ያንን ሣጥን ተሸክሜ ታክሲ ልጋፋ?» ብለው ሳቁ። ላፕቶፑን ለሦስት ቀን ትተውልኝ ሄዱ።

ቀላል ቀላሉን ማራገፍ

የብርሃን መጨመሪያውን ቁልፍ እስከ ጫፍ ድረስ ተጫንኩ፤ ለውጥ የለም። አጥፍቼ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም ውስጥ ገባሁ፤ እዚያም ጨለማ ነው። ባዮስ ውስጥ የሚጨልም ስክሪን የዊንዶውስ ድራይቨር ችግር አይደለም፣ ስለዚህ ዊንዶውስ እንደገና መጫን ጊዜ ማቃጠል ነው።

ቀጥሎ የክዳኑ ሴንሰር። ላፕቶፑ መዘጋቱን የሚያውቀው ክዳኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ማግኔት ነው፤ ከኪቦርዱ በኩል ያለው ሴንሰር ማግኔቷ ስትጠጋው «ተዘግቷል» ብሎ ብርሃኑን ያጠፋል ወይም ማሽኑን ያስተኛል። አንድ ጊዜ ማሽኗ በየሰዓቱ እየተኛ ያስቸገራት ልጅ መጥታ፣ ሁለት ቀን ስፈልግ ከርሜ ጥፋቱን ያገኘሁት የእጅ አምባሯ ላይ ነው፤ መቆለፊያው ማግኔት ነበር። እትዬ ከቀለበት በቀር ምንም አላደረጉም፣ ክዳኑን ሳወዛውዘውም ብልጭ የሚል ነገር የለም። የስክሪኑ ኬብል በማጠፊያው ውስጥ ስለሚያልፍ በመክፈትና በመዝጋት ብዛት ሽቦው ይበጠሳል፤ እንዲያ ሲሆን ግን ክዳኑ በሆነ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ብርሃኑ መጥቶ ይሄዳል። እዚህ የመጣም የሄደም የለም።

ጎረቤቴ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ «ኢንቨርተሩ ነዋ!» አለ። ይህ ከድሮ የቀረ ልማድ ነው። በፊት የላፕቶፕ ስክሪን ከጀርባው እንደ ቱቦ አምፖል ያለ ቀጭን መብራት ነበረው፤ ቱቦው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚፈልግ ኢንቨርተር የምትባል ረጅም ሰሌዳ ትቀመጥለታለች። ከ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ በተሠሩት አብዛኞቹ ላፕቶፖች ቱቦው በኤልኢዲ ተተክቷል፣ ኢንቨርተርም የለም። ቮልት የምታሳድገው ቺፕ አሁን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ስክሪኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሰሌዳ ላይ ናት።

ልኬቱ

የስክሪኑን ዙሪያ ፍሬም በፕላስቲክ መክፈቻ ቀስ እያልኩ አላቀቅሁ፣ ቪቴዎቹን ፈታሁ፣ ስክሪኑን በፊቱ ኪቦርዱ ላይ አስተኛሁት። ከታች ጠርዙ ጋ ጠባቧ አረንጓዴ ሰሌዳ ታየች፤ ኬብሉ የሚገባውም እዚያው ነው።

የዚህ ዓይነቱ ስክሪን ኬብል 30 እግር አለው፤ በአንዱ እግርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ባክላይቱን የሚመለከቱት ጥቂቶቹ ናቸው። ከ18 እስከ 21 ያሉት ግራውንድ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ ናቸው። 22ኛው «አብራ» የሚለውን ትእዛዝ ያመጣል፣ 23ኛው የብርሃኑን መጠን። ከ26 እስከ 29 ያሉት አራቱ ደግሞ ኃይል ተሸካሚዎቹ ናቸው፤ የሚመጣላቸውም ከባትሪው ወይም ከቻርጀሩ መስመር በቀጥታ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች አንዲት ፊውዝ አልፎ ነው። ቀሪዎቹ በአብዛኛው የምስሉ ናቸው።

ማሽኑን በባትሪ አስነሥቼ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ ቀዩን መርፌ በመሰለ ጫፍ ሰሌዳዋ ላይ ባሉት የመለኪያ ነጥቦች ላይ አሳረፍኩ። በበራ ማሽን ላይ መለካት እጅ ከተንቀጠቀጠ መዘዝ አለው፤ ትንፋሼን ይዤ ነው የምለካው። ኃይሉ 12.1 ቮልት፤ ደርሷል። ትእዛዙ 3.3 ቮልት፤ ማዘርቦርዱ «አብራ» እያለ ነው። የብርሃን መጠኑን ቁልፍ ዝቅ ሳደርግ ቴስተሩ 0.3 ይላል፣ ከፍ ሳደርግ እስከ 3.2 ይወጣል። ይህ እንኳ በትክክል ቮልቱ ሆኖ ሳይሆን፣ እየበራ እየጠፋ የሚመጣው ምት ሲሰፋና ሲጠብ ቴስተሩ አማካዩን እያሳየ ነው። የሆነ ሆኖ ማዘርቦርዱ የድርሻውን ሁሉ እየሰጠ ነው።

የመጨረሻው ልኬት ወደ ኤልኢዲዎቹ የሚወጣው መስመር ነው። አንድ ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ አሥር ያህሉ ተከታትለው ሲገጠሙ 30 ቮልት አካባቢ ማለት ነው። ለዚህ ነው ቺፗ የባትሪውን ቮልት ማሳደግ ያለባት። እኔ ያገኘሁት 11.8 ነው። የገባው እንዳለ ወጣ፣ ቺፗ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

ስለዚህ ችግሩ ስክሪኑ ውስጥ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ትክክል ነው፤ ዛሬም ብደግመው እንዲሁ አደርገዋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ጥድፊያ ነበር። ስክሪኑ ጀርባ የተለጠፈውን ጥቁር ፕላስተር ላጥ አድርጌ የኤልኢዲውን መሰኪያ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ስክሪን ይቀየራል» ብዬ ለእትዬ ደወልኩ።

ስክሪን ሲገዛ የላፕቶፑን ሞዴል ይዞ መሄድ አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ከሁለት ከሦስት ፋብሪካ የወጣ ስክሪን ይገጠምለታል። መታየት ያለበት የስክሪኑ የራሱ ቁጥር ነው። የእትዬ ስክሪን «ኤን140ቢጂኢ» ብሎ ይጀምራል፦ ኤን የኢኖሉክስ ነው፣ 140 ማለት 14.0 ኢንች። ቢ140 ብሎ ቢጀምር የኤዩኦ፣ ኤልፒ140 ቢል የኤልጂ ይሆን ነበር። የፋብሪካው መለየት ግድ የለውም፤ ግድ ያለው የእግሩ ብዛት፣ መሰኪያው ያለበት ጎን፣ የቪቴ ጆሮዎቹና የምስሉ ነጥቦች ብዛት ነው። 40 እግር ያለውን ለ30 ኬብል ይዞ መጥቶ የሚጨቃጨቅ ሰው በወር አንድ አይጠፋም። ከተበታተነ ላፕቶፕ የወጣ አንድ ያገለገለ ስክሪን አገኘሁ፤ ሻጩ «ሲወጣ ይሠራ ነበር» አለኝ።

መብራት የሄደ ቀን

በማግሥቱ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ፣ ወዲያው መብራት ሄደ። እትዬ ደግሞ ሁለቴ ደውለዋል። በስልክ ላይት እየሠራሁ ልቀይረው ወሰንኩ።

ቻርጀሩ ተነቅሏል፤ ቢሰካስ ምን ያመጣል፣ ሶኬቱ ራሱ ኃይል የለውም። የኋላውን ባትሪ መቆለፊያዎቹን ገፍቼ አወጣሁት። የማብሪያ ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩ፤ የተረፈ ኃይል ካለ እንዲፈስስ ነው። ባትሪ የለ፣ ቻርጀር የለ፣ ከተማው ራሱ ጨልሟል፤ ከየት ይመጣል ኃይል?

አሮጌውን ስክሪን አስተኝቼ፣ የመሰኪያውን ፕላስተር ላጥኩ፣ ሽቦ መሳይ መቆለፊያውን አነሣሁ፣ ኬብሉን በሁለት ጥፍር ወደ ኋላ ሳብኩ። አዲሱን አስቀመጥኩና ኬብሉን ላስገባ ስል ስልኬ ከተደገፈበት ኩባያ ተንሸራተተ። መሰኪያው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ገደድ ብሎ ቀረ። አውጥቼ አቃንቼ መለስኩት። የተሰማ ድምፅ የለም፣ የታየ ብልጭታ የለም፣ የሸተተ ነገር የለም። ማታ ላይ መብራት መጣ፣ ቻርጀሩን ሰካሁ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ጨለማ።

የስልክ ላይቱን በጎን ያዝኩት። ሕፃኗ፣ ሁለት ጥርሷ፣ ኮፍያዋ።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ወደ ሻጩ ሄደ። ጠዋት ስክሪኑን ይዤ ሄጄ የማልኮራበትን ንግግር ተናገርኩት። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ሳይከራከር ሌላ ሰጠኝ። እሱም ጨለመ። ሁለት ያገለገሉ ስክሪኖች በአንድ ሳምንት በአንድ ዓይነት በሽታ ሲሞቱ ገጥሞኝ አያውቅም። በዚህ ጊዜ ነው ወደ ቴስተሩ የተመለስኩት፤ ያው ነጥብ፣ ያው መርፌ። ከትናንት ወዲያ 12.1 የነበረው ኃይል፣ 0.0።

ከፊውዟ ወዲህና ወዲያ

ማሽኑን ገልብጬ የታችኛውን ሽፋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩ። ከመዳፍ ማሳረፊያው ሥር ጠፍጣፋ ጥቁር ባትሪ ተኝታለች፤ ገመዷ ማዘርቦርዱ ላይ እንደተሰካ ነው። እትዬ በአፋቸው ነግረውኛል፤ ሁለት ባትሪ። ከኋላ ያወጣሁት አንዱን ነው። ከተማው ሲጨልም፣ ቻርጀሩ ሲነቀል፣ እኔ በስልክ ላይት ስዳብስ፣ ይህቺ በጓዳ ተቀምጣ መስመሩን በ12 ቮልት ሞልታው ነበር።

የሆነው ይህ ነው። በዚህ ማሽን ላይ የባክላይቱ ኃይል ማሽኑ ቢጠፋም አይቋረጥም፤ ባትሪ እስካለ ድረስ እስከ ኬብሉ ጫፍ ይደርሳል። ኬብሉ ገደድ ብሎ ሲገባ ከአራቱ ኃይል ተሸካሚዎች አንዱ የመሰኪያውን ብረት ነካ። ብረቱ ግራውንድ ነው። ፊውዟ ማዘርቦርዱን አድና ራሷ ተቃጠለች፣ ያውም ድምፅ ሳታሰማ። የማብሪያ ቁልፉን አሥር ሰከንድ መያዜም ለምንም አልበጀም፤ ቁልፉ የተረፈ ኃይል ያፈስሳል እንጂ የተሰካ ባትሪ አያላቅቅም።

አንዳንድ የቢሮ ላፕቶፖች፣ ሌኖቮ ቲንክፓዶችን ጨምሮ፣ ባዮስ ውስጥ የውስጥ ባትሪውን ለጊዜው የሚያጠፋ ምርጫ አላቸው። ቻርጀሩን ነቅሎ እሱን መርጦ ማጽደቅ ነው፤ ቻርጀር መልሶ ሲሰካ ባትሪው ራሱ ይነቃል። ያ ምርጫ በሌለበት ሽፋኑን ከፍቶ ገመዱን መንቀል ግድ ነው፣ ሥራው ከፊት በኩል ብቻ የሚያልቅ ቢሆንም።

ፊውዟ ከስክሪኑ ኬብል መነሻ አጠገብ ናት፤ ርዝመቷ 1.6 ሚሊሜትር፣ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አትበልጥም። በአንድ ጎኗ 12 ቮልት፣ በሌላው ዜሮ። ባትሪዋን ነቅዬ በኦም ስለካት የተቆረጠ መስመር ናት።

ቴሌቪዥን ጠጋኙ ጎረቤቴ ማይክሮስኮፕና ሆት ኤር፣ የሙቅ አየር መበየጃ፣ ስላለው ማዘርቦርዱን ይዤ ሄድኩ። አይቶ፣ «ለዚች ነው? አንድ ክር ሽቦ ደልድልባትና ሸኛቸው» አለኝ።

«ሽቦው ደግሞ ሲነካ ማን ይቃጠላል?»

«ሁለተኛ ማን ይነካዋል?»

«የሚቀጥለው እንደኔ ያለ ሰው።»

በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ ከእኔ ጋር የማይስማሙ ጎበዝ ሠራተኞች እንዳሉ አውቃለሁ። የተደለደለ ፊውዝ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ሌላ ንክኪ የመጣ ቀን ግን ለመቃጠል የሚቀረው በማዘርቦርዱ ንብርብሮች መካከል የተቀበረው መስመር ወይም በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ኬብል ነው፤ እሱን ደግሞ በጤፍ ቅንጣት ዋጋ አያወጡትም። ደግሞም ሽቦ ከመደልደል በፊት ፊውዟ ለምን እንደተቃጠለች ማወቅ ያስፈልጋል። ስክሪኑ ተነቅሎ ከፊውዟ ወዲያ ያለውን መስመር ከግራውንድ ጋር ለካሁ፤ ንክኪ የለም። ሁለተኛውን ስክሪን ሰክቼ ደገምኩት፤ አሁንም የለም። ንክኪው የዚያች ገደድ ያለች ቅጽበት ብቻ ነበር።

ሱቄ ውስጥ የሞተ የዚሁ ሞዴል ማዘርቦርድ ስለነበረ አቻዋን ፊውዝ ከዚያ አወጣን። ጎረቤቴ ዙሪያውን ሙቀት በሚችል ፕላስተር ሸፈነ፣ ብየዳውን የሚያግዝ ፍላክስ ቀባ፣ የሞተችውን አንሥቶ ደህናዋን አስቀመጣት። ሥራዋ አንድ ደቂቃ አልፈጀችም፤ ክርክሩ ነበር የረዘመው። ከቀዘቀዘ በኋላ ስለካት ከግማሽ ኦም በታች ሆነች። ስክሪኑን በቀን ብርሃን፣ ቀጥ አድርጌ፣ ባትሪዋ ተነቅላ እያለች ሰካሁ፤ ባትሪዋን የመለስኳት መጨረሻ ላይ ነው።

ስክሪኑ በራ። ጎረቤቴ ሕፃኗን አይቶ «ኮፍያዋ ቀይ ነው እንዴ!» አለ፤ በስልክ ላይት ቀለም አይታይም ነበርና።

እትዬ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ጨለማ የስክሪኑ፣ ሁለተኛው የኔ። የስክሪኑን ዋጋ እንጂ የፊውዟንም የሁለት ቀኑንም አልቀበልም አልኩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ሁለት ባትሪ አለው ብዬህ አልነበረም?»

«ብለውኛል።»

«እኔ ነጋዴ ደረሰኝ ጠፋብኝ ሲለኝ እንዲህ ነው የማየው» አሉና ፒችትሪያቸውን ከፍተው መሥራት ጀመሩ፤ እዚያው፣ የኔ ጠረጴዛ ላይ፣ እስኪመሽ።

አሮጌው ስክሪን

የወጣው ስክሪን መደርደሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። አንድ ሥራ ፈት እሑድ ጥቁሩን ፕላስተር ላጥኩትና በማይክሮስኮፕ አየሁት። የኤልኢዲው ክር ወደ ሰሌዳዋ የሚገባበት መሰኪያ ላይ፣ በግራ ጥግ፣ አረንጓዴ ዱቄት። መዳብ ሲበላ የሚያወጣው ያ ሻጋታ የሚመስል አረንጓዴ ነው። ከመሰኪያው እግሮች የተበላው ደግሞ አንዱ ብቻ፣ ከፍተኛውን ቮልት የሚሸከመው አዎንታዊ እግር። እርጥበትና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ የሚበሉት አዎንታዊውን ነው።

ፊስ ፊሱ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ስክሪን ላይ በቀጥታ የተነፋ ማጽጃ ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛው ጠርዝ ላይ ፍሬሙና መስታወቱ የሚገናኙበት ክፍተት አለ፤ ጠብታው እዚያ ይገባል። ከክፍተቱ ሥር ያለው ደግሞ ያቺ ጠባብ ሰሌዳ ናት። አንድ አርብ ምንም አያደርግም። የብዙ አርብ ጠብታ ግን እግሩን እያሳሳ እያሳሳ መጀመሪያ ብልጭ ድርግም አስባለው፣ በኋላም ቆረጠው። ቺፗም የኤልኢዲው መስመር እንደተቆረጠ ስታውቅ ራሷን ዘጋች። ያ 11.8 ቮልት ትርጉሙ ይህ ነበር፤ ቺፗ አልሞተችም፣ ሥራ አቁማ ነው። እትዬን ደውዬ ማጽጃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ እንዳይነፉት፣ ጨርቁም እርጥብ ሳይሆን እርጥበት የነካው ብቻ እንዲሆን ነገርኳቸው። «ታዲያ ያን ጊዜ ስነግርህ ምን ትጽፍ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መሰኪያውን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ የተበላውን እግር በቢላ ጫፍ ፍቄ ትንሽ ሶልደር አለበስኩት፣ አድርቄ ሰካሁት። በራ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም፤ እትዬ የከፈሉበት ስክሪን ሳያስፈልግ ተገዝቷል ማለት ነው። ደውዬ ነገርኳቸው። ልዩነቱን ልመልስላቸው ብል አሮጌውን «የእርጥብ ጨርቅ ታሪክ ያለው» ብለው አልፈለጉትም፤ አዲሱን ለምደውታል። እንዲያ ከሆነ የስክሪኑን ዋጋ ግማሽ መለስኩ።

አሮጌው እኔ ጋ ቀረ። ባክላይት አጣ ተብሎ 30 እግር ያለው ላፕቶፕ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምሰካው እሱን ነው፤ ከበራ ማዘርቦርዱ ነፃ ነው፣ ስክሪን መግዛትም ሳይመጣ ይታወቃል። ከታች በግራ ጥግ ቡናማ ጥላ አለበት። ደንበኞች ሲያዩት «ይሄስ ተበላሽቷል፣ ይሄን አትግጠምልኝ» ይሉኛል።